ሕፃን ተደበደበ የሚል ጥርጣሬ ለፖሊስ ስለ ማስታወቅ



ከእናንተ መካከል በመሥሪያ ቤት ተቀምጦ የባለጉዳይን ችግር የሚሰማ፣ መዝገብም የሚያገላብጥ ብዙ ሰው አለ። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ከሥራችሁ የራቀ አይደለም። አንድ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ሕፃን በቤቱ እንደሚደበደብ የጠረጠረ እንደሆነ፣ ነገሩን ለፖሊስ ለማስታወቅ ይገደዳልን?

ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ የተባለች የአይቮሪ ኮስት ተወላጅ ሕፃን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ከአባቷ አክስት ጋር ለንደን ገባች። በየካቲት 2000፣ በ8 ዓመቷ፣ በገላዋ ላይ 128 ቁስልና ጠባሳ ተቆጥሮ ሞተች። ሎርድ ላሚንግ ነገሩን መርምረው በ2003 ባወጡት ዘገባ፣ ልጅቱን ለማዳን ቢያንስ 12 ጊዜ ይቻል እንደ ነበረ ገለጹ። የአራት ወረዳዎች የማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤቶችና ሁለት ሆስፒታሎች ያውቋት ነበር።

ፖሊስስ አልሰማም ነበርን? ሰምቷል። ራሷን የፈላ ውኃ አቃጥሏት ሆስፒታል በተኛች ጊዜ፣ አንዲት የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛና አንዲት ፖሊስ ቤቱን ለማየት ቀጠሮ ይዘው ነበር። ነገር ግን ልጅቱ እከክ አለባት መባሉን ሲሰሙ ሳይሄዱ ቀሩ። እከክ ፈርተው!

በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ሕግ ይህን ለሠራተኛው ፈቃድ አልተወም። የሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤት የድብደባ ጥርጣሬ እንደ ደረሰው ወዲያው ለፖሊስ በቴሌፎን ይነግራል፤ በ36 ሰዓት ውስጥም በጽሑፍ ይልካል። አስቀድመህ አረጋግጥ አይልም፤ ምክንያት ያለው ጥርጣሬ ይበቃል፣ ማረጋገጡ የፖሊስና የዳኛ ሥራ ነውና። የማስታወቅ ግዴታ ያለበት ሰው ዝም ቢል እስከ 6 ወር ሊታሰር ወይም እስከ 1,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል።

እንዲህ ከሆነ ድኃ ወላጆች ሠራተኛውን ፈርተው በራቸውን ይዘጉበታል የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ሕጉም ይህን አስቦ ይመስለኛል፣ በሕፃኑ አካል ላይ ጉዳት ሳይደርስ የምግብ ወይም የልብስ ጉድለት ብቻ የታየበትን ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ለፖሊስ እንዲያስተላልፍ አያስገድድም። የተቃጠለ ራስ ግን የልብስ ጉድለት አይደለም።

እንዲህ ያለ ጉዳይ በጠረጴዛችሁ ላይ ያረፈ እንደሆነ፣ ቴሌፎኑን ከዘጋችሁ በኋላ የነገራችሁትን ፖሊስ ስምና ሰዓቱን በመዝገቡ ላይ ጻፉ። በማግሥቱም ደውላችሁ፣ ልጁን በዓይኑ ያየው ሰው ማን እንደ ሆነ ጠይቁ።