መስከረም ሲጠባ ለወላጆች የተደረገ ንግግር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን፣ በመስከረም ወር 2018 ዓ.ም.፣ በወረዳችን የትምህርት ጽሕፈት ቤት ስም የተነገረ)

ክቡራን ወላጆች፤
ክቡራን መምህራን፤
የተወደዳችሁ ተማሪዎች፤

ዛሬ የደስታ ቀን ነው። ነገር ግን በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ የሥራውን ሁኔታ ለወላጆች መግለጽ ግዴታችን ስለ ሆነ፣ የምሥራቹንም ጉድለቱንም ሳንሸሽግ ልንነግራችሁ ፈቅደናል።

በመጀመሪያ ስለ ፈተናው እንናገር። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች እየሄዱ ብሔራዊውን ፈተና መፈተን ከጀመሩ ወዲህ፣ ውጤቱ እውነተኛ መልካችንን የሚያሳይ መስተዋት ሆኖአል። በአገራችን ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶው 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ሆኑ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የእኛ እንቁላል ግን ገና እግር ማውጣት ጀመረ እንጂ አልተራመደም። ከአሥር ተፈታኞች አንዱ እንኳ ገና አላለፈምና።

ለዚህ ሁሉ ተማሪውን መውቀስ ቀላል ነው። እኛ ግን ከራሳችን እንጀምራለን። ባለፈው ዓመት የመማሪያ መጻሕፍት እስከ ኅዳር ወር ድረስ በመጋዘን ተቆልፈው ቆዩ። ቁልፉም በእኛ እጅ ነበር። ርክክቡ ይፈረም፣ ቈጠራው ይለቅ ስንባባል ተማሪው ሁለት ወር ሙሉ ከሰሌዳ ላይ እየገለበጠ ተማረ። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ዘንድሮ መጻሕፍቱ ከመስቀል በዓል በፊት ለየክፍሉ እንዲታደሉ ወስነናል። መጽሐፍ ያልደረሰው ልጅ ያለው ወላጅ፣ ደጃችንን አንኳኩቶ ይጠይቀን እንጂ በቤቱ አይማረር።

ሁለተኛው ጉዳይ የቀረቡትና የቀሩት ቀኖች ነው። በብዙ ቤት “ትምህርት የሚጀመረው ከመስቀል ወዲያ ነው” ይባላል። ከዚያ ኅዳር ይመጣና አጨዳው ይደርሳል፤ የገበያውም ቀን አለ። እኛም የገበሬ ልጆች ስለ ሆንን እህል ጊዜውን ጠብቆ ካልታጨደ እንደሚረግፍ እናውቃለን። ነገር ግን ትምህርትም ይረግፋል። የመስከረሙን ሒሳብ ያልተማረ ልጅ የጥቅምቱን አይረዳውም፤ የጥቅምቱን ያልተረዳም በኅዳር ከክፍሉ ተቀምጦ ሳለ እንደ ቀረ ይቈጠራል። ስለዚህ ልጁ ለሥራ የግድ ሲፈለግ አስቀድማችሁ ለመምህሩ ንገሩ፤ መምህሩም ያለፈውን ትምህርት የሚያሟላበትን ጊዜ ይሰጠዋል።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚበልጥብን ጉዳይ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ቋንቋ ነው። ስለዚህ 9ኛ ክፍል የገባ ልጅ የትምህርቱን ፍሬ ነገርና የቋንቋውን ሸክም በአንድነት ይሸከማል። ብዙ ወላጆችም “እኛ እንግሊዝኛ አናውቅ፣ ምን ልንረዳው እንችላለን?” ብለው እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ።

ለዚህ መልሱን ያገኘነው ከአንዲት እናት ነው። እኒህ እናት ፊደል አልቈጠሩም። ዘወትር ማታ ግን ቡና እያፈሉ ልጃቸውን “ዛሬ የተማርሽውን በአማርኛ ንገሪኝ” ይሏታል። ልጅቱ አንድ ቀን እንጀራ ለምን እንደሚቦካ ልታስረዳቸው ጀምራ መካከል ላይ ቆመች። እናትየውም “እሱንማ እኔም አቦካዋለሁ፤ ለምን እንደሚቦካ ነው የጠየቅሁሽ” አሉአት። ልጅቱ በቃሏ የያዘችው የእንግሊዝኛውን ቃል እንጂ ነገሩን እንዳልሆነ ያን ጊዜ ዐወቀች። በማግሥቱ መምህርዋን ጠየቀች፤ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን የዱቄቱን ስኳር እየበሉ አየር እንደሚያወጡ፣ የእንጀራውም ዓይን ከዚያ አየር እንደሚመጣ ተረድታ ለእናቷ ነገረች። በሥራችን ዘመን ካየነው የማስጠኛ ዘዴ ሁሉ ከዚህ የተሻለ አላገኘንም። ገንዘብም አያስወጣም፤ ሩብ ሰዓት ብቻ ይጠይቃል።

ክቡራን ወላጆች፤ በ1940 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ መሠረት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚውል ግብር በመሬት ላይ ተጥሎ ነበር። ከከፋዮቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጡ ሰዎች ነበሩ። እነሱ ላላዩት ትምህርት ከምርታቸው ከፈሉ። ዛሬ ከእናንተ የምንለምነው የማታውን ሩብ ሰዓት ነው።

የተወደዳችሁ ተማሪዎች፤ እናንተም ስትጠየቁ አትሰልቹ፣ የወላጆቻችሁን ጥያቄ አትናቁ። ለእናቱ ማስረዳት ያቃተው ተማሪ ለፈታኙም ማስረዳት ያቅተዋል።

እኛም የገባነውን ቃል እንዳንረሳ፣ የመጻሕፍቱን ነገር በኅዳር ወር ተሰብስባችሁ ጠይቁን። በዚያን ቀን ሰበብ ሳይሆን የርክክቡን መዝገብ ይዘን እንቀርባለን።

ዘመኑን የሰላም፣ የጤናና የትምህርት ዘመን ያድርግልን።