ከተቀላቀለ ብስባሽ ቆሻሻ ባዮጋዝ ስለ ማምረት በተዘጋጀው ዐውደ ጥናት ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

ክቡር ሚኒስትር ዴኤታ፤
ክቡራን የከተማችን አስተዳደር ባለሥልጣናትና የየክፍለ ከተማው ሥራ አስፈጻሚዎች፤
የተከበራችሁ የሃይማኖት አባቶች፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ የቄራና የገበያ ማኅበራት ተወካዮች፤
ክቡራትና ክቡራን ተጋባዥ እንግዶች፤



የተሰበሰብንበት ጉዳይ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው የባዮጋዝ ማብላያ ተሠርቶ ነበር፤ በ2001 ዓ.ም. የተጀመረውም ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በመጀመሪያው ምዕራፉ ከ8,000 በላይ ማብላያዎችን በገጠር ቤተ ሰቦች ደጅ አስተክሏል። ነገር ግን የእነዚህ ሁሉ ቀለብ የከብት እበት ስለ ሆነ፣ የምግብ ትራፊ፣ የአትክልት ልጣጭና የቄራ ፈርስ በየዕለቱ የሚትረፈረፍበት የከተማ ሰው የዚህ በረከት ተካፋይ ሳይሆን ቆይቷል።

መሥሪያ ቤታችን ቆሻሻን በጊዜው አያነሣም ተብሎ ዘወትር ይወቀሳል። ወቀሳውን በትሕትና እየተቀበልን፣ የነገሩ ሥር ግን ከመኪና ማነስ የጠለቀ መሆኑን ጉባኤው እንዲረዳልን እንለምናለን። ከከተማችን ቆሻሻ ከግማሽ የሚበልጠው የሚበሰብስ ነው፤ የበሰበሰው ቲማቲምና ጎመን ከላስቲክ፣ ከጠርሙስና ከአመድ ጋር በአንድ ማዳበሪያ ታጭቆ ወደ ገንዳ ሲጣል፣ ክረምትም ገብቶ ውሃ ሲጠጣ፣ ለሚሸከመው ሠራተኛ የሚከብድ፣ ለጎረቤት የሚከረፋ፣ ለማንም የማይጠቅም ክምር ይሆናል። የክምር ፍጻሜ ምን እንደ ሆነ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼው የቆሻሻ መጣያ ሲናድ አይተናል፤ ከመቶ የሚበልጡ ወገኖቻችን በዚያ ናዳ አልቀዋልና ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን። አየር በማያገኘው የክምር ሆድ ውስጥ ዛሬ በዚህ የምንነጋገርበት ጋዝ ሳይቋረጥ ይወለዳል፤ በውስጡ ያለው ሜቴንም ምድጃ ሳያነድድ ወደ ሰማይ እየወጣ፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ይልቅ ከ25 እጥፍ በላይ የምድርን ሙቀት አምቆ ይይዛል።

ልዩ ልዩውን የሚበሰብስ ቆሻሻ በማብላያው ውስጥ በመጠን ማዋሐድ ያስፈለገበት ምክንያት፣ ሥራውን የሚሠሩት ዓይን የማያያቸው ተሐዋስያን ስለ ሆኑና ቀለባቸውም ሚዛን ስለሚሻ ነው። ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ20 እስከ 30 እጅ ካርቦን ይስማማቸዋል፤ የዶሮ ኩስ ብቻውን ቢገባ አሞኒያው ይበዛባቸዋል፣ ጭድ ብቻውን ቢገባ ሥራቸው ይዘገያል፣ የፍራፍሬ ትራፊ ብቻውን ቢገባ ደግሞ ፈጥኖ ይኮመጥጥና ሜቴን የሚያወጡትን ያዳክማቸዋል። ትኩስ እበትና ፈርስ እነዚህን ተሐዋስያን ከከብቱ ሆድ ይዘው ስለሚመጡ ለውሕዱ እንደ እርሾ ናቸው። የደጋው ብርድ ሥራቸውን ስለሚያቀዘቅዝ፣ ማብላያውን ከመሬት በታች መቅበርም ሆነ በሌላ ዘዴ ሙቀቱን መጠበቅ ይገባል፤ ይህን ሊቃውንቱ ያብራሩልናል። የሚወጣው ዝቃጭ ንጹሕ ከሆነ ለማሳ የሚመለስ ማዳበሪያ ነው፤ ኩበት አድርገን ያነደድነው እበት ግን ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይጠፋል።

እኔ በበኩሌ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። ላስቲክ የተቀላቀለበት፣ በረኪና የፈሰሰበት ቆሻሻ ከማብላያው አፍ ከደረሰ በኋላ የትኛውም መሐንዲስ ሊያድነው አይችልም፤ ስለዚህ መለየቱ ከእያንዳንዱ እመቤት ማድ ቤትና ከእያንዳንዱ ሆቴል ጓዳ ይጀምር ዘንድ፣ ስለ ማብላያው ጉልላት አሠራር ከምትመክሩት ያላነሰ ስለዚህ እንድትመክሩበት አደራ እላለሁ።

በሚቀጥሉት ቀናት ከምታደርጉት ውይይት ለሥራችን የሚበጅ አቅጣጫ እንደሚገኝ፣ የሚመለከታቸውም ሁሉ ተባብረው እንደሚፈጽሙት ያለኝን ጽኑ ተስፋ እየገለጽሁ፣ ይህ ዐውደ ጥናት ከአሁን ሰዓት ጀምሮ በይፋ የተከፈተ መሆኑን በታላቅ ደስታ አበሥራለሁ።