የፋሲካው ወጥ ስንት ቀን ያድራል?

(በፍኖተ ሰላም ለወጣቶች ክበብ አባላት የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርዕሳችን ከበዓል የተረፈ ምግብ ነው። "ለትርፍራፊ ደግሞ ስብሰባ ይጠራል እንዴ?" የምትሉ እንዳላችሁ ፊታችሁ ይናገራል። ይሁንና እስቲ አስቡት። በበዓሉ ዕለት ትኩሱን ወጥ የሚበላው እንግዳና ትልቅ ሰው ነው። ድስቱ ውስጥ የቀረውን በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን የሚጨርሰውስ ማን ነው? ልጆች ናቸው፣ የቤት ሠራተኛዋ ናት፣ ስንቁን ቋጥሮ ከቡሬ ወይም ከጃቢ ጠህናን ገጠር ወደ ተከራየው ክፍል የሚመለሰው ወጣት ነው። ስለዚህ ቁርጠቱም ተቅማጡም ሲመጣ በአብዛኛው የእናንተ ድርሻ ነው ማለት ነው።

ከበዓላት ሁሉ ፋሲካን ለይቼ የማነሳው በምክንያት ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ዶሮውም፣ የቅርጫው ሥጋም፣ ድፎ ዳቦውም በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ለ20 ሰው የሚበቃ ይሠራና የሚመጣው 10 ሰው ይሆናል። ገና ሲሆን ቢያንስ ረቡዕና ዓርብ ይመጡና ቤተሰቡ ድስቱን ቶሎ ለመጨረስ ይጣደፋል። ከፋሲካ በኋላ ግን እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ስለዚህ ድስቱ በየቀኑ ይከፈታል፣ ይጨለፋል፣ ይከደናል፣ እንደገና ይከፈታል። ወቅቱም ዝናቡ ሳይገባ ሙቀቱ የሚበረታበት ነው።

ታዲያ እናቶቻችን ምን ያደርጋሉ? ጠዋትና ማታ ያፈሉታል። "እየፈላ ምን ይሆናል!" ይባላል። ማፍላት ጥሩ ልማድ ነው፤ አቁሙ አልልም። ነገር ግን ማፍላት የማያድነን ሁለት ነገር አለ። ሌላውን ብትረሱ እንኳ እነዚህን ያዙልኝ።

አንደኛው እንቅልፈኛው ጀርም ነው። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ይባላል፤ ስሙን መያዝ አይጠበቅባችሁም። ይህ ጀርም ሙቀት ሲመጣበት እንደ ዘር ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ይተኛል፤ መፍላቱንም ችሎ ያልፋል። ትልቁ ድስት ከእሳት ወርዶ ሌሊቱን ሙሉ ለብ እንዳለ ሲያድር ይነቃና ይራባል። ቅቤው ከላይ ረግቶ አየር መከልከሉም አያስቸግረውም፤ አየር ለማይወድ ጀርም እንዲያውም ተስማሚ ቤት ነው። ጠዋት የነቃው ጀርም በደንብ ቢፈላ ይሞት ነበር፤ ችግሩ ብዙዎቻችን ለብ አድርገን መብላታችን ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ጀርም በሰው አፍንጫ፣ በእጅና በቁስል ላይ ይኖራል። አንዱ ባልታጠበ እጁ ከድስቱ ብልት ሲያነሳ ወጡ ውስጥ ይገባና ይራባል፤ እየተራባም መርዝ ይተዋል። ጀርሙን ማፍላት ይገድለዋል፤ መርዙን ግን አያጠፋውም። ወጡ አይሸትም፣ መልኩም አይለወጥም። ስለሆነም "አሽትቼዋለሁ፣ ደህና ነው" የሚለው ምርመራ እዚህ ላይ አይሠራም። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ማስመለስ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጎረቤት ይጠረጠራል፣ ዓይን በላኝ ይባላል!

እንግዲህ ጥያቄው ወጡ ስንት ጊዜ ፈላ የሚለው ሳይሆን ለብ እንዳለ ስንት ሰዓት ቆየ የሚለው ነው። ጀርሞች በፍጥነት የሚራቡት በ5 እና በ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መካከል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣቸው 5 የምግብ ደህንነት ቁልፎች ውስጥ የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ የሚል ይገኝበታል።

ይህ ማለት በእኛ ቤት ምን ማለት ነው? እንግዳ እስኪመጣ ትልቁን ድስት ከጉልቻው አጠገብ ማቆየት ይቅር። ለዕለቱ የሚበቃው ይቀነስና የተረፈው ጎድጎድ ወዳላለ ሰፊ ዕቃ በንጹሕ ጭልፋ ይገልበጥ። ዕቃውን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጣችሁ አማስሉት፤ በዚህ መንገድ ቶሎ ይበርዳል። ፍሪጅ ያለው ያስገባው፤ በ3 እና በ4 ቀን ውስጥም ይጨርሰው። መብራት ከጠፋ ፍሪጁን አለመክፈት ነው፤ ተዘግቶ ከቆየ ቅዝቃዜውን ለ4 ሰዓት ያህል ይይዛል። ፍሪጅ የሌለው ቤት፣ ማለትም አብዛኛው የገጠር ቤት፣ የዶሮውን ወጥ ለሳምንት ማቆየት የለበትም። በርበሬውና ጨው ይረዳሉ፣ ውሃው የመጠጠ ወጥም ከቀጠነው ይሻላል፤ ዋስትና ግን አይደሉም። ሲበላ ከዳር ዳር እየተንተከተከ ይሙቅ። ሞቆ የተረፈውን እንደገና ማሳደር ጥሩ አይደለም።

ወደ ስንቅ ልምጣ። ድሮ ስንቅ በአገልግል ነበር የሚሄደው። አሁን በፌስታል ሆኗል። ከምጣድ የወጣ ትኩስ እንጀራ ፌስታል ውስጥ ሲታሰር ያልበዋል፤ እርጥበቱ ተመልሶ እንጀራው ላይ ይንጠባጠባል፤ ከ3 ቀን በኋላ አረንጓዴውን ሻጋታ ታገኙታላችሁ። እንጀራ ኮምጣጣ ስለሆነ ብዙውን ጀርም ይከላከላል፤ ሻጋታን ግን መርዘም ላለ ጊዜ አይችልም። ስለዚህ በሰፌድ ላይ በደንብ ይብረድ፣ ከዚያ ይታጠፍ፣ በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ይጠቅለል። የሻገተውን ዳር ቆርጦ ቀሪውን መብላት የተለመደ ነው፤ ሆኖም የሻጋታው ክር ለዓይን ሳይታይ ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ አያዋጣም። በዳቦም ያው ነው።

ለሁለት ሳምንት የምትሄዱ ከሆነ ግን ከድርቆሽ የሚበልጥ የለም። አንዳንዶች ድርቆሽ የሚሠሩት እንጀራው መሻገት ሲጀምር ነው። ይህ የተገላቢጦሽ ነው። የተረፈው እንጀራ በማግስቱ፣ ገና ንጹሕ ሳለ፣ ተቆራርሶ ዝንብ በማይደርስበት ፀሐይ ላይ ይሰጣ። እስኪሰበር ድረስ ከደረቀ ጀርሙም ሻጋታውም የሚጠጣው ውሃ ያጣል። ክፍላችሁ ውስጥ ሽንኩርትና በርበሬ ቁሌት ስትሠሩ እፍኝ ትጨምሩበታላችሁ፤ በቃ፣ እራት ደረሰ።

ቋንጣም በዚሁ ብልሃት ነው የሚሠራው። የቅርጫ መደባችሁ ከቤተሰቡ ፍላጎት በላይ ከሆነ በእርዱ ዕለት ይዘልዘል፤ ሦስት ቀን ተንጠልጥሎ የጠቆረ ሥጋ ቋንጣ አይሆንም። በረጅሙና በቀጭኑ ተዘልዝሎ፣ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ (የቡሬ በርበሬ ካለማ ምን ይፈለጋል!) ነፋስ በሚያገኘው ገመድ ላይ ይሰቀል። ወፍራም ከሆነ ውጪው ደርቆ ውስጡ ይበሰብሳል። ሲበላም በደንብ ይብሰል። ጥሬ ሥጋን በተመለከተ ብዙ አልከራከርም፤ ትኩስ ቢሆንም ኮሶ እንደሚያስይዝ ታውቃላችሁ። ያደረውን ጥሬ መብላት ግን በምንም መልኩ አይመከርም።

አንድ የሚከነክነኝን ነገር ልናገር። ለነዳያን የምንሰጠው መቼ ነው? ብዙ ጊዜ እኛ ልንበላው የፈራነውን በአምስተኛው ቀን ነው። መስጠት ካለብን በዕለቱ ወይም በማግስቱ ጠዋት እንስጥ። ለቤት ሠራተኛዋ የሚቀርበውም ቤተሰቡ የሚበላው ይሁን።

ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖቻችንንም ጉዳዩ ይመለከታል። የመከላከል አቅሙ የወረደ ሰው፣ በተለይ መድኃኒት ያልጀመረ ወይም ያቋረጠ፣ ሌላው በአንድ ቀን የሚገላገለው ተቅማጥ አልጋ ላይ ሊያውለው ይችላል። ክኒኑን ውጦ ወዲያው የሚያስመልስ ከሆነም መድኃኒቱ ሳይሠራ ይወጣል፤ ምን ማድረግ እንዳለበት የጤና ባለሙያውን ይጠይቅ። እንዲህ ሲባል ግን ሰሃኑን ለይታችሁ ጥግ አስቀምጡት ማለት አይደለም። በአንድ ማዕድ በመብላት ኤች አይ ቪ አይተላለፍም። ከአንዱ ትሪ አብሯችሁ ይብላ፤ ወጡ ግን ትኩስ ይሁን።

ታሞ የተገኘ ሰው ካለስ? አረቄ መድኃኒት አይደለም። አንድ ፓኬት ኦ.አር.ኤስ. ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ይበጥበጥና ቶሎ ቶሎ በጥቂቱ ይጠጣ፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ። ሰገራው ደም ካለበት፣ ትኩሳት ካለው፣ ወይም የጠጣውን ሁሉ የሚያስመልስ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና አዛውንት ከሆኑ ደግሞ እስኪብስባቸው አትጠብቁ።

አሁን ወደ ጥያቄ እንለፍ። እናቶች ቅድሚያ ይኑራቸው፤ ስለ ወጥ ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ፣ የሚከራከረኝም አይጠፋም።