ዘይቱ ርካሽ ነው፤ ውዱ የእናት ጊዜ ነው
(በአባላት ስብሰባ ላይ በደሴ ከተደረገ ንግግር የተወሰደ። ተናጋሪዋ የማኅበራችን አባልና ነርስ ናቸው።)

ከኮምቦልቻ ዳገቱን ወጥታችሁ፣ የደሴን ብርድ ችላችሁ የመጣችሁ እንኳን ደህና መጣችሁ። ብርዱን ያነሳሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። የዛሬው ጉዳያችንም ስለ ብርድ፣ ስለ ቆዳና ስለ ቅባት ነው።

ባለፈው ወር ቡና ላይ ከመካከላችን አንዷ እናት፣ “ቀኑ ሳይደርስ የተወለደውን የልጅ ልጄን ምን ልቀባው? ቅቤ ይሻላል ወይስ ዘይት?” ብለው ጠየቁኝ። በአንድ ቃል መልሼ ላልፍ ነበር። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ጥያቄው የብዙዎቻችን ነው፤ መልሱም ማኅበራችንን የሚመለከት ሆኖ አገኘሁት።

በመጀመሪያ አንድ ጥፋቴን ልናገር። ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ ቅቤ ይዘው ወደ ክፍላችን የሚመጡ አያቶችን እቆጣ ነበር። አንድ ቀን አንዲት አያት ቅቤያቸውን በቅጠል ጠቅልለው መጡ። አላስገባም አልኳቸው። እሳቸውም ሳይቆጡ፣ “ልጄ፣ አታይውም እንዴ? ቆዳው እኮ እየደረቀ ነው” አሉኝ። ለምን እንደከለከልኳቸው እንኳ ሳላስረዳ መለስኳቸው። አሁን ሳስበው ሴትዮዋ ያዩት ነገር ትክክል ነበር። ልጁ በእርግጥም እየደረቀ ነበር። የተሳሳተው መድኃኒቱ ነው እንጂ ዓይናቸው አይደለም።

ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደን ህፃን ያለጊዜው ተወለደ እንላለን። ሳንባው እንዳልጠነከረ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ቆዳውም ያልደረሰ መሆኑን ግን ብዙ ሰው ልብ አይልም። የቆዳችን የላይኛው ክፍል እንደ ድንጋይ ግንብ ነው፤ ድንጋዩን ከድንጋይ የሚያያይዘው ጭቃ ደግሞ ስብ ነው። ይህ ግንብ በደንብ የሚጠነክረው በእርግዝናው መጨረሻ ላይ ነው። ግንቡ ሳያልቅ የተወለደ ልጅ ሦስት ነገር ያጋጥመዋል። የሰውነቱ ውኃ በቆዳው በኩል ይተናል። ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞበት ይሄዳል፤ እርጥብ ልብስ በነፋስ ስናሰጣ እጃችን እንደሚቀዘቅዘው ማለት ነው። ሦስተኛው፣ ጀርም ባልተደፈነው በኩል ወደ ደሙ ይገባል። ለእንዲህ ያለ ጨቅላ የደሴ ሌሊት ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ዘይት ይጠቅማል ወይ? በዚህ ላይ ከታወቁት ጥናቶች አንዱ የተደረገው በባንግላዴሽ፣ በዳካ ከተማ በሚገኝ የህፃናት ሆስፒታል ነው። ከ33 ሳምንት በፊት የተወለዱ ህፃናትን በሱፍ አበባ ዘይት መጀመሪያ በቀን 3 ጊዜ፣ ከ14 ቀን በኋላ ደግሞ በቀን 2 ጊዜ በስሱ ቀቧቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመው ውጤት፣ በሆስፒታል የሚይዝ ኢንፌክሽን ካልተቀቡት ይልቅ በ41 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። በ2008 በወጣው ዘገባ ደግሞ ሞት በ26 በመቶ መቀነሱ ተገለጸ። በካይሮም ከዚያ ቀደም ብሎ ተመሳሳይ መልካም ውጤት ታይቶ ነበር።

ግን እውነቱን ሙሉውን ልንገራችሁ። በሁሉም አገር እንዲህ አልሆነም። በበለጸጉ አገሮች እጅግ ትንንሽ ህፃናትን ቫዝሊን በመሰለ ቅባት ሲቀቧቸው ኢንፌክሽን የጨመረበት ጊዜም አለ። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ህፃናት ባወጣው መመሪያ ዘይት መቀባትን ሊታሰብበት የሚችል ነገር አድርጎ አስቀመጠው እንጂ ግዴታ አላደረገውም። እኔም ከዚያ አልፌ አልናገርም።

ቅቤውስ? ቅቤ ለእኛ ፍቅር ነው፤ አራስ ቤት ያለ ቅቤ አይታሰብም። በገንፎው ላይ ይሁን፣ እናቲቱ ትብላው። ለጨቅላው ቆዳ ግን አይሆንም። ከላሙ ጡት ጀምሮ እስከ ቅሉ፣ ከቅሉ እስከ ገበያው ስንት እጅ ነክቶታል። ያልበሰለ ነገር ነውና ጀርሙ አብሮት አለ። ግንቡ ባልተዘጋ ቆዳ ላይ፣ ይልቁንም እትብቱ ላይ ሲቀባ ለጀርሙ በር እንከፍትለታለን። እትብት ላይ ጤና ባለሙያ ከሰጠው መድኃኒት በቀር ምንም አይደረግም። ቅቤ ማስላስም እንዲሁ ይቅር፤ ለጨቅላው የሚሰጠው የእናት ጡት ወተት ብቻ ነው።

ዘይት ሁሉም አንድ አይደለም። የወይራና የሰናፍጭ ዘይት በአይጦች ቆዳ ላይ ሲሞከሩ የተጎዳው ግንብ ቶሎ እንዳይጠገን አድርገዋል። ጥቁር አዝሙድ ዘይት በብዙዎቻችን ቤት አለ፤ እሱም ኃይለኛ ስለሆነ የጨቅላ ቆዳ ሊያቆጣ ይችላል። ሽቶ ያለበት የገላ ቅባትም አይሆንም። ሌላው በስም እንዳንሳሳት ነው። እኛ ሱፍ የምንለው ለጾም ፍትፍት የምንወቅጠውን ነው። ጥናቱ የተደረገው ግን በዚያ ትልቅ ቢጫ አበባ ባለው ፍሬ ዘይት፣ ሱቅ ውስጥ ሰንፍላወር ተብሎ በሚሸጠው ነው። ጠርሙሱ የታሸገ፣ የተጣራ፣ ምንም ያልተቀላቀለበት ይሁን። ከተከፈተ ጀሪካን እየተቀዳ የሚሸጠውን ለዚህ አትጠቀሙ።

አቀባቡን ልብ በሉ። ልጁ ሆስፒታል ካለ መጀመሪያ ነርሷን ወይም ሐኪሙን ጠይቁ፤ እነሱ ሳይፈቅዱ አይቀባም። ጥፍራችሁ አጭር ይሁን፤ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ዘይቱን ከጠርሙሱ መዳፋችሁ ላይ አፍስሱ እንጂ ጣታችሁን ወደ ዕቃው አታስገቡ። ጠርሙሱ ለልጁ ብቻ ይቀመጥ፤ ወጥ አይሠራበት። ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይብለጥ። በመዳፋችሁ አሙቁት እንጂ እሳት ላይ አታድርጉት። ልጁን ሙሉ በሙሉ አትግለጡት፤ አንድ እጅ ቀብታችሁ ሸፍኑ፣ ከዚያ ሌላውን። አትሹት፣ አትጫኑት፣ እጅና እግሩን አትጎትቱት። ፊቱ፣ እትብቱ፣ መርፌ የተወጋበትና የቆሰለው ቦታ አይነካ። ሽፍታ ካወጣ አቁሙ። ጡት እምቢ ካለ፣ ከሞቀ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ቢጫ ከሆነ፣ እትብቱ ዙሪያ ከቀላ ወይም መግል የያዘ ነገር ካወጣ፣ ነገ ሳትሉ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዘይት ረዳት ነው። የሚቀድመው የእናት ደረት ነው። ልጁ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ አድርጎ በእናቱ ጡቶች መካከል ቆዳ ለቆዳ ይታቀፋል፤ ከላይ በነጠላና በጋቢ ይሸፈናል። የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ ማሞቂያ አልበቃ ሲል የተጀመረ ነው። በአገራችንም ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው በአዲስ አበባ በ123 ህፃናት ላይ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። በተለመደው መንገድ ከታከሙት 38 በመቶ ሲሞቱ፣ ቶሎ በእናታቸው ደረት ላይ ከተደረጉት የሞቱት 22.5 በመቶ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለዘይት ያልሰጠውን ጠንካራ ቃል ለዚህ ሰጥቶታል፤ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይታቀፍ ብሏል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የጤና ተቋሞቻችን ዕቃ እንዴት እንደተዘረፈና እንደተሰባበረ ሁላችንም እናውቃለን። ያን ጊዜ ማሞቂያ ቢጠፋ፣ መብራት ቢቋረጥ፣ ልጅን ማሞቅ የሚችል ደረት ግን ነበር። ዛሬም ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሪፈር የተባለች እናት ልጇን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ከምታመጣው፣ ከደረቷ ላይ አድርጋ ብታመጣው ይሻለዋል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የእኛ የሚሆነው። አንድ ጠርሙስ ዘይት አንዳችን ብንገዛው አንጎዳም። በቀን 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ ልጅ ታቅፎ መቀመጥ ግን ለእናት ውድ ነው። ውኃ ማን ይቅዳ? እንጀራውን ማን ይጋግር? ትልልቆቹን ልጆች ማን ትምህርት ቤት ይሸኝ? በኮምቦልቻ ፋብሪካ ተቀጥራ የምትሠራዋ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አላት። ጉሊት የምትቸረችረዋ ግን አንድ ቀን ከቀረች የዚያ ቀን እራቷ ይቀራል። አይቻለሁ፤ ልጇን ደረቷ ላይ አሙቃ ክብደት መጨመር ከጀመረ በኋላ ቤት ገብታ፣ ሥራ በዝቶባት አውርዳ አስተኝታው፣ ከሳምንት በኋላ ቀዝቅዞ ይዛው የተመለሰች እናት አለች። ያ ልጅ ዘይት አልጎደለውም። የጎደለው ለእናቱ የሚያግዝ ሰው ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ በየቀበሌው ሦስት ሦስት ሴቶች ተራ እንያዝ። ከአባሎቻችን ወይም ከጎረቤቶቻችን ቀኑ ሳይደርስ የወለደች ካለች፣ ቤት ከገባችበት ቀን ጀምሮ አንድ ወር ውኃዋን፣ እንጀራዋንና ልጆቿን እንያዝላት። ለሐዘን ጊዜ እድር አለን፤ ለዚህም ያቅተናል ብዬ አላምንም። ሁለተኛ፣ ባሎቻችንንና አያቶችን እናስተምር። አባትም ሸሚዙን አውልቆ ልጁን ማቀፍ ይችላል፤ እናት በዚያ ሰዓት ትተኛለች። ያቺ ቅቤዋን ይዛ የመጣች አያትም ቅቤዋን ተከልክላ ብቻ አትመለስ፤ እጇን ታጥባ የልጅ ልጇን ደረቷ ላይ ትቀፈው።

ሦስተኛው ለምትረዱን ወገኖች ነው። ስለ ማሞቂያ መሣሪያ ስትጠይቁን ቆይታችኋል፤ እሱም ያስፈልጋል፣ እናመሰግናለን። ከእሱ ጋር ግን አንድ ትንሽ ቦርሳ አስቡልን፦ የማቀፊያ ጨርቅ፣ ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ሳሙና፣ አንድ የታሸገ ዘይት። ከቦርሳው ጋር ደግሞ ሥራዋን ትታ ለምትቀመጥ እናት የአንድ ወር የቀለብ ድጋፍ ጨምሩበት። ከሁሉ የሚከብዳት ቀለቡ ነው።

ተራ ለመያዝ የምትፈልጉ ስማችሁን በመውጫው በር ላይ ላለችው ጸሐፊያችን አስመዝግቡ። የጠየቁኝ እናት፣ ዛሬ ከስብሰባው በኋላ አብሬዎት ቤትዎ እመጣለሁ፤ ልጁን አብረን እናየዋለን። አብሽሩ፣ ፈጣሪ ልጆቻችንን ያሳድግልን።