ከረመዷን በኋላ ጥቂቱን ይዞ መዝለቅ

 

የተከበረውን የረመዷን ወር ከሸኘን ሦስተኛ ሳምንታችንን ይዘናል። በዚህ ሰሞን ከእናንተ የሚደርሱን መልእክቶች ሁሉ ተመሳሳይ ናቸው ማለት ይቻላል። የሱብሒ ሶፍ ሳስቷል፤ ሙስሐፉ ወደ መደርደሪያው ተመልሷል፤ በጾሙ የቀለለው ሰውነት እንደገና መክበድ ጀምሯል። ከሁሉም ግን አንድ የታክሲ ሾፌር ወንድማችን የላከልን መልእክት ለዛሬው ዝግጅታችን መነሻ ሆኖናል። ወንድማችን ወሩን በሙሉ ጫት አልቃመም፤ ሲጋራም ከኢፍጣር በኋላ ካልሆነ በቀር አልነካም። ሌሊት እየተነሣ ይሰግድም ነበር። በዒድ ማግስት ግን ከጓደኞቹ ጋር ቁጭ ባለ ጊዜ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ተመለሰ። «ከእንግዲህ መሞከሩስ ምን ዋጋ አለው?» ሲል ይጠይቀናል።

ከሲጋራውም ከጫቱም ይልቅ ያሳሰበን ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ሰው ወድቆ ሊነሣ ይችላል። መነሣት ዋጋ የለውም ብሎ ካመነ ግን ማን ያነሣዋል?

እስቲ በቅድሚያ ረመዷን ላይ እንዴት እንደቻልነው እንጠይቅ። ኢማናችን በዚያ ወር ከፍ ማለቱ ጥርጥር የለውም። ነገር ግን ሌላም ነገር ነበር። መቼ እንደምንበላና መቼ እንደምናቆም የሚወስነው አዛን ነው። ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ሰዓት ይነሣል፤ ጎረቤቱ ይጾማል፤ ሻይ ቤቱ ቀን ጭር ይላል። «ዛሬ ልጹም ወይስ ልተው?» ብሎ በየቀኑ ከነፍሱ ጋር የሚከራከር ሰው የለም። በዒድ ዕለት ይህ ሁሉ ድጋፍ በአንድ ጊዜ ይነሣል። ቤቱን ያቆሙት ምሰሶዎች ተነቅለው ጣራው ሲዘምም «ጣራው ደካማ ነበር» ማለት ፍትሕ አይሆንም።

ደግነቱ አንዱ ምሰሶ አልተነቀለም። ሱብሒ፣ ዙህር፣ ዐስር፣ መግሪብና ዒሻእ ሸዋልም ላይ አሉ፤ ሙሐረምም ላይ አሉ። አዲስ ልማድ ለመትከል የሚፈልግ ሙስሊም በቀን አምስት ጊዜ የማይቀር ቀጠሮ በእጁ ይዟል። ብዙዎቻችን ይህን ሀብት ለጤናችንም ልንጠቀምበት እንደምንችል ልብ አንልም።

የሶላት ሰዓት ልማድን ሲቀይር በታሪክ የታየው በመጠጥ ጉዳይ ነው። የመዲና ሰዎች ከጥንት ጀምሮ መጠጥ የለመዱ ነበሩ። ክልከላው በአንድ ቀን አልወረደም። በመጀመሪያ በአል-በቀራ ምዕራፍ ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ተነገረ። ቀጥሎ በአን-ኒሳእ ምዕራፍ ሰክሮ ወደ ሶላት መቅረብ ተከለከለ። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። አምስቱ ሶላቶች በቀኑ ውስጥ ተበትነዋል። ሰክሮ መስገድ ካልተቻለ ለመጠጥ የሚተርፈው ከዒሻእ በኋላ ያለው ሌሊትና ከሱብሒ በኋላ ያለው ረፋድ ብቻ ነው። ቀኑ ቀስ በቀስ ከመጠጥ ተለቀቀ፤ ሰውነትም ያለ እርሱ መዋልን ለመደ። በመጨረሻ በአል-ማኢዳ ምዕራፍ ፍጹም ሲከለከል ሰዎች ያላቸውን አውጥተው ደፉት፤ በመዲና መንገዶች ላይ እንደፈሰሰም በሐዲስ ተዘግቧል።

ይህን ስንል ዛሬ ሐራም መሆኑ የታወቀን ነገር «ቀስ ብዬ እተዋለሁ» እያሉ መቀጠል ይቻላል ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን። ሃይማኖቱ ተሟልቷል፤ ብይኑም ጸንቷል። የምንወስደው ትምህርት ሌላ ነው፤ የፈጠረን ጌታ የሰው ልጅ ልማድ እንዴት እንደሚተከልና እንዴት እንደሚነቀል ያውቃል።

የዘመናችን ተመራማሪዎችም በዚሁ ጉዳይ ላይ ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ጥናት 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንታት ተከታትሏል። እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ብቻ መረጡ፤ ለምሳሌ ከምሳ ጋር አንድ ብርጭቆ ውኃ መጠጣት ወይም ከእራት በፊት ትንሽ መሮጥ። ነገሩ ሳያስቡት የሚመጣ ልማድ እስኪሆን ድረስ በአማካይ 66 ቀን ፈጀ። ከሰው ሰው ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነው። በስሌት ሲገመት ለአንዱ 18 ቀን፣ ለሌላው 254 ቀን ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ የረመዷን 29 ወይም 30 ቀን ለብዙ ሰው ጅማሮ እንጂ ፍጻሜ አይደለም። ሌላም አስደሳች ነገር ታየ። በመሐል አንድ ቀን የዘለለ ሰው የለፋው ልፋት አልፈረሰበትም፤ በማግሥቱ ከቀጠለ ልማዱ ማደጉን ቀጥሏል። ለታክሲ ሾፌሩ ወንድማችን ይህ ትልቅ ብሥራት ነው።

ወደ ሲጋራው እንምጣ። ብዙ የዘመናችን ዑለማዎች ሐራም ብለውታል። ሐኪሞችም ቢሆኑ የሚሉት ተመሳሳይ ነው። ቀን ጾሞ ማታ ማጨስ ሰውነቱን ከኒኮቲን ነፃ አያወጣውም፤ ቀን የተጀመረው መላቀቅ ማታ በኢፍጣር ላይ ይቋረጣል። ሙሉ በሙሉ ለተወ ሰው የሚከብዱት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ናቸው፤ ራስ ምታቱ፣ ንዴቱና መቁነጥነጡ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት 697 አጫሾች ለሁለት ተከፈሉ። ገሚሶቹ ቀን ቆርጠው በአንድ ጊዜ ተዉ፤ ገሚሶቹ ለሁለት ሳምንት እየቀነሱ ተዉ። ከአራት ሳምንት በኋላ ሲታይ ከመጀመሪያዎቹ 49 በመቶ፣ ከኋለኞቹ ደግሞ 39 በመቶ የሚሆኑት ሲጋራ ሳይነኩ ቆይተዋል። ስለዚህ ሲጋራ ላይ ምክራችን አንድ ነው፤ ቀን ቁረጡ፣ በዚያ ቀን ተዉት። ከአሥራ ሦስት ሰዓት በላይ ያለ ጭስ መዋልን በአንድ ወር ውስጥ 30 ጊዜ የፈጸመ ሰው «አልችልም» ሊል አይገባውም። ጫቱን በተመለከተም ወንድማችን እንደሚያውቀው ትልቁ ፈተና ቅጠሉ ብቻ ሳይሆን መቀመጫው ነው። ከዙህር በኋላ ያለው ያ ሰዓት ባዶ ሆኖ ከጠበቀው እግሩ ወደለመደበት ይወስደዋል። ሰዓቱን የሚይዝ ሌላ ሥራና ሌላ ጓደኛ ያስፈልገዋል።

መልካሙን ነገር ስንተክል ግን በተቃራኒው በትንሹ እንጀምር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተር ሥራ አላህ ዘንድ ተወዳጅ መሆኑን አስተምረውናል። እኛ ግን በዒድ ምሽት ምን እንላለን? «በየሌሊቱ እሰግዳለሁ፤ በየቀኑ አንድ ጁዝእ እቀራለሁ፤ ስኳር አቆማለሁ፤ ስፖርት እጀምራለሁ!» በሳምንቱ አንዱም የለም።

ስኳርን ለምሳሌ እንውሰድ። በቤታችን ሻይ ያለ ስኳር እንግዳ መናቅ እስኪመስል ድረስ ይጣፍጣል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። በቀን ሦስት ብርጭቆ ሻይ በአራት አራት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው 48 ግራም ስኳር ከሻይ ብቻ አገኘ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ላይ አንድ አዋቂ ሰው በምግብና በመጠጥ የሚጨመረውን ስኳር ወደ 25 ግራም፣ ማለትም ወደ ስድስት ማንኪያ ቢያወርደው ለጤናው የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። ታዲያ ዛሬ ማታ ስኳሩን አውጥታችሁ ጣሉት አንልም። እናት ከሱብሒ በኋላ በምታፈላው ሻይ ላይ አንድ ማንኪያ ትቀንስ፤ ለሁለት ሳምንት ሌላ ምንም ነገር አይነካ። ምላስ ሲለምድ ሌላ አንድ ማንኪያ። ለኢፍጣር በሦስት ተምርና በውኃ የረካ ምላስ ይህን አይችልም አይባልም። (አማቶች ሊቆጡ ይችላሉ፤ እርሱን ለእናንተ ብልኀት እንተዋለን።)

እግር መንገዱም እንዲሁ ነው። ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ሰውነትን የሚያሞቅ እንቅስቃሴ ይመከራል። መስጂዱ ከቤቱ የስምንት ደቂቃ መንገድ የሆነ ሰው ለሱብሒና ለዒሻእ ብቻ በእግሩ ቢመላለስ በቀን 32 ደቂቃ ሄደ፤ በአምስት ቀን 160 ሆነ። ወደ ሶላት ስንሄድ በእርጋታ እንድንሄድ ታዝዘናልና ፈጠን ማለቱን ለመልሱ ጉዞ እናቆየው። ቤቷ የምትሰግድ እኅታችንም ከዐስር ሶላት ቀጥሎ ልጆቿን ይዛ ሰፈሩን ብትዞር ያው ነው። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ አባቶችና እናቶችም ሐኪሙ ካዘዘው ሰዓት ጋር የሚገጥመውን ሶላት ይዘው ኪኒናቸውን ከመስገጃው አጠገብ ቢያስቀምጡ መርሳቱ ይቀንሳል። «ሲመቸኝ» የተባለ ነገር አይመችም። «ዐስርን ሰግጄ እንደጨረስኩ» የተባለ ነገር ግን ቦታ አለው።

በዚህ ላይ ጎልቶ የሚታየን የሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። ወንድሙን አቡደርዳእን (ረ.ዐ) ሊጠይቅ ሄዶ ቀን የሚጾም፣ ሌሊት የሚሰግድ፣ ሚስቱን የዘነጋ ሆኖ አገኘው። ሰልማን አብሮት እንዲበላ አደረገው፤ በመጀመሪያው ሌሊት ሊነሣ ሲል «ተኛ» አለው፤ እንደገና ሊነሣ ሲልም አስተኛው፤ ወደ መጨረሻው ግን አብረው ተነሥተው ሰገዱ። ለጌታውም፣ ለራሱም፣ ለቤተሰቡም ሐቅ እንዳለበት ነገረው። ነገሩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነገራቸው ሰልማን እውነት መናገሩን አጸደቁ። ልብ በሉ፤ ሰልማን የሌሊት ሶላቱን አላስቀረም። ሰውነት የሚችለውን ቦታ ሰጠው እንጂ። ዛሬ እንቅልፋችንን የሚወስድብን አብዛኛውን ጊዜ ዒባዳ ሳይሆን እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት በእጃችን የሚያበራው ስልክ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻእ በኋላ ያለ ጉዳይ ማውራትን ይጠሉ ነበር። ስልኩን ከዒሻእ በኋላ ሌላ ክፍል ያሳደረ ሰው ለሱብሒ መነሣት ግማሹን ሥራ ሠርቷል።

አሁን ወደ ልብ እንመለስ። «እኔ አልረባም» የሚል አንደበት የትኛውንም ልማድ ያፈርሳል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገድ ማለትን ሲከለክሉ ተስፋ የሚሰጥን መልካም ንግግር ግን ይወዱ ነበር። ምስጋናም ቢሆን በሥራ ሲለመድ ልብን ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ተማሪዎችን በየሳምንቱ ገሚሶቹን የሚያመሰግኑባቸውን እስከ አምስት ነገሮች፣ ገሚሶቹን ደግሞ ያስመረሯቸውን ነገሮች አስጻፈ። ጸጋቸውን የጻፉት ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜት እንዳላቸው ገለጹ። እኛ ከሶላት በኋላ 33 ጊዜ አልሐምዱሊላህ እንላለን። ጣታችን ሲቆጥር ልባችን ከ33ቱ አንዷን እንኳ በስሟ ቢጠራት፣ «ለዛሬዋ ልጄ ሳቅ»፣ «ከትናንቱ ትኩሳት ለመዳኔ» ቢል፣ ምን ያህል በተለየ ነበር!

ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ አለን፤ አደራም ነው። መልካም አመለካከት ማለት አለማዘን ማለት አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት ዓይናቸው አንብቷል። ነቢዩላህ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) በልጃቸው በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ ደርሰዋል፤ ከአላህ እዝነት ግን ተስፋ አልቆረጡም። ሐዘንና ተስፋ በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ የታመመን ሰው «ኢማንህ ስለደከመ ነው፤ ፈገግ በል» እያልን ሸክም አንጨምርበት። አንድ ሰው ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ማለት ይቻላል ቀኑን ሙሉ ልቡ ከጨለመ፣ የሚወደው ነገር ካስጠላው፣ እንቅልፉና ምግቡ ከተዛባ፣ ይህ ሕክምና ያለው የድባቴ በሽታ ሊሆን ይችላል። ዱዓውም ሩቅያውም ይቀጥል፤ ሐኪምም ይታይ። ለበሽታ መድኃኒት መፈለግን ያስተማሩን ራሳቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው። በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ በመሄድ መጀመር ይቻላል። አዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ስሙ ሲጠራ የሚደነግጥ ብዙ ሰው እንዳለ እናውቃለን፤ ነገር ግን በሩን ከሚያንኳኩት ብዙዎቹ እንደ እኔና እንደ እናንተ ያሉ፣ መድኃኒታቸውን ይዘው ወደ ሥራቸው የሚመለሱ ሰዎች ናቸው። መሞት የሚመኝ ወይም ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰው ካለ ግን ሁለት ሳምንት አይጠበቅም። ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ይዛችሁት ሂዱ።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚህ ርዕስ ላይ የምትልኩልንን ጥያቄዎች ይዘን እንጠብቃችኋለን፣ ኢንሻአላህ።