የሕዋስ ጥገናና የካንሰር እምቢተኝነት

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ1997 እ.ኤ.አ. የጨረር ሕክምና ከጀመረ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ በአገሪቱ ብቸኛው ማዕከል ሆኖ ቆይቷል፡፡ በዚያ ዘመን በኮምቦልቻና በባቲ መካከል ካለችው ከደጋን የምትነሣ የማኅፀን በር ካንሰር ሕመምተኛ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ነበረባት፡፡ ዛሬ በሌሎች ከተሞችም ማዕከላት ቢከፈቱ፣ ሕክምናው ሳምንታት መፍጀቱ አልቀረም፡፡ ይህች እናት የማደሪያ ገንዘብ አልቆባት ለአሥር ቀን ወደ ቀዬዋ ብትመለስ፣ በዕጢው ውስጥ ምን ይሆናል?

መልሱ የሚጀምረው ከዲ.ኤን.ኤ. ነው፡፡ ይህ ጥንድ ክር በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ በቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጉዳት ይደርስበታል፡፡ ሆኖም ሸማኔ የተበጠሰውን ድር እየቀጠለ እንደሚሠራ ሁሉ፣ የጥገና ፕሮቲኖች ጉዳቱን እየፈለጉ ያድሳሉ፡፡ ይህን አሠራር የመረመሩት ቶማስ ሊንዳል፣ ፖል ሞድሪችና አዚዝ ሳንጃር በ2015 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል፡፡

አንድ ግሬይ ጨረር በአንድ ሕዋስ ውስጥ 1000 ያህል የነጠላ ክር፣ 40 ያህል ደግሞ የጥንድ ክር ስብራት ያደርሳል፡፡ የነጠላው ስብራት ጤነኛውን ክር አብነት አድርጎ በቀላሉ ይጠገናል፤ ሕዋስን በይበልጥ የሚገድለው የሁለቱም ክሮች አብሮ መበጠስ ነው፡፡ ጨረር በየቀኑ በትንሽ በትንሹ የሚሰጠውም፣ ጤነኛው አካል በመካከሉ ባሉት ሰዓታት ከዕጢው በተሻለ ስለሚጠገን ነው፡፡

ችግሩ ዕጢውም የጥገና መሣሪያ ያለው መሆኑ ነው፡፡ ከጨረር ጋር የሚሰጠው ሲስፕላቲን የዲ.ኤን.ኤ.ን ክር ተብትቦ ያስራል፤ ኢ.አር.ሲ.ሲ.1 የተባለው ፕሮቲን የሚሳተፍበት ጥገና ግን እስሩን ቆርጦ ያወጣል፡፡ ቢ.አር.ሲ.ኤ.2 የተባለው ዘረ መል የተበላሸበት ዕጢ ጥገናው ስለሚጎድል ለመድኃኒቱ ይሸነፋል፡፡ ነገር ግን በ2008 እ.ኤ.አ. የታተሙ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በአንዳንድ ዕጢዎች ዘረ መሉ በሁለተኛ ለውጥ ሥራውን መልሶ ያገኛል፤ ዕጢውም ያን ጊዜ መድኃኒቱን ይቋቋማል፡፡

የደጋኗ እናት ጥያቄ የሚመለሰው በዚህ ነው፡፡ ሕክምናው በተቋረጠባቸው አሥር ቀናት፣ ከጨረሩ የተረፉት የዕጢ ሕዋሳት ጥገናቸውን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይፈጽማሉ፤ በቀሩት ቀናት ይባዛሉ፡፡ የማኅፀን በር ካንሰር የጨረር ሕክምና ከ8 ሳምንት እንዳያልፍ የሚመከረውም ስለዚህ ነው፡፡ ከዚያ ሲዘገይ ዕጢውን የመግታት ዕድል በየቀኑ ከመቶ 1 ገደማ እንደሚቀንስ ጥናቶች አመልክተዋል፡፡

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ያለ ባለሙያ የዕጢውን የጥገና ፕሮቲን በእጁ ሊያግድ አይችልም፤ የሕክምናው ቀናት እንዳይባክኑ ግን መርዳት ይችላል፡፡ ስለዚህ የማስተላለፊያ ወረቀቱን ከመጻፉ በፊት ማደሪያዋን፣ ስንቋንና አስታማሚዋን ይጠይቅ፡፡ ደም መፍሰሱ ሲቆም «ተሻለኝ» ብላ ሕክምናውን እንዳታቋርጥም ለእርሷና ለቤተ ሰቧ አስቀድሞ ያስረዳ፡፡ የማደሪያዋ ነገር እንደ ጨረሩ መጠን ሁሉ የሕክምናው ክፍል ነውና፡፡