ዕዳ ያለበት ሰው ቤት ሲከራይ
(ለካምፑ የጎልማሶች ትምህርት ክፍል የተደረገ ንግግር)

እንደሚታወቀው በአፕሪል 2023 የካርቱም ጦርነት ከተነሣ በኋላ፣ በተለይም በዲሴምበር 2023 ዋድ መደኒ በተያዘች ጊዜ፣ ብዙ ተፈናቃይ ወደ ገዳሪፍ ስለ ገባ የቤት ኪራይ ናረ፤ አከራዩም መራጭ ሆነ።

እኛ ሦስት መምህራን ከዚያ በፊት ከተማ ገብተን አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር። የሁለት ወር ኪራይ ሳንከፍል፣ በሱቅም የስኳርና የዘይት ዱቤ ጥለን በሌሊት ወጣን። ማን ያውቀናል ብለን ነበር። ዳሩ ግን የእኛ ስም የሚጻፈው በባንክ ሳይሆን በባለሱቁ ደብተር ነው። በሌላ ሰፈር ቤት ስንጠይቅ «ዋሳችሁ ማን ነው?» ተባልን። ዋስ ሁኑን ያልናቸው ሁሉ ወሬውን ሰምተው ኖሯል። ከእኛ ኋላ የመጡ ወገኖችም «ሐበሻ አይከፍልም» ተብለው ተመለሱ። ከሁሉ ያሳፈረን ይህ ነው።

በሰሊጥ አጨዳ ያገኘነውን ይዘን ወደ ባለቤቷ ሄድን። «ሐጃ፣ በድለንሻል» አልናት። ግማሹን ከፍለን ቀሪውን በሦስት ጊዜ ልንሰጥ በሽማግሌዎች ፊት ተስማማን። የሱቁንም ዱቤ ዘጋን። ከፍለን ስንጨርስ ዋስ የሆነችን እርሷው ናት።

ስለዚህ፦
1. ዕዳችሁን ሌላ ሰው ሳይናገር ራሳችሁ ለአከራዩ ንገሩ።
2. ቅድሚያ ስትከፍሉ በጽሑፍና በምስክር ይሁን።
3. በጋራ ስትከራዩ የእያንዳንዱን ድርሻ ጻፉ።
4. ከካምፕ ስትወጡ የጉዞ ፈቃድ ያዙ፤ ያለ ፈቃድ የሚኖር ተከራይ ቢበደል አቤት ለማለት ይፈራል።

አንዱ ሲከፍል ለኋለኛው በር ይከፈታል።